«ከአንድ ድስት የሚበሉ»፦ የሰውን ደኅና መሆን በምን ቋንቋ እንጠይቅ?

(በሐዋሳ ለማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎች፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ለዕድር ተወካዮች የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ)

የተከበራችሁ እናቶቼና አባቶቼ፣ ውድ ተማሪዎች፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚሁ ከተማ፣ በሐዌላ ቱላ በኩል፣ የቤት ለቤት መጠይቅ የሚሞሉ ወጣቶችን ይዤ ስንቀሳቀስ ያጋጠመኝን በማስታወስ ልጀምር። አንድ ትጉህ መረጃ ሰብሳቢ የአንድ ግቢ በር አንኳኳ፤ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ ወጡ። ልጁ በሥልጠናው እንደተማረው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣና «አባቴ፣ ስለ ደኅንነትዎ ጥቂት ጥያቄዎች ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት» አላቸው። ሽማግሌው ለአፍታ ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ «ምን አጠፋሁ ልጄ?» ብለው መለሱ።

መጠይቁን ወደ አማርኛ የመለስነው እኛው ነበርን። ሰው በአካሉ፣ በመንፈሱ፣ በኑሮውና ከሌሎች ጋር ባለው ግንኙነት ደልቶት መኖሩን ተመራማሪዎች በአንድ ቃል ይጠሩታል፤ ያንን ቃል በአማርኛ ምን እንበለው ብለን ግማሽ ቀን ተከራክረን «ደኅንነት» በሚለው ተስማምተን ነበር። ከሥርወ ቃሉ አንጻር ካየነው የተሳሳትን አይመስልም፤ «ደኅና»፣ «ዳነ»፣ «መዳን»፣ «ድኅነት» ሁሉም ከአንድ ግንድ የበቀሉ ናቸውና። ነገር ግን በዛሬው የከተማ ነዋሪ ጆሮ «ደኅንነት» በቅድሚያ የመንግሥት የጸጥታ ሥራ ነው። «የደኅንነት ሰው በር ላይ ቆሟል» ሲባል፣ ስለ ጤናውና ስለ ደስታው ሊጠይቀው የመጣ ተመራማሪ ነው ብሎ የሚያስብ ማንም የለም። ሽማግሌው በትክክል ሰሙ፣ በትክክልም መለሱ፤ የተሳሳተው መጠይቁ ነበር። በዚያ ዕለት እስከ ቀትር የተሞሉትን ቅጾች በሙሉ ወደ ጎን አድርገን፣ የመክፈቻውን ጥያቄ «ኑሮ እንዴት ይዞዎታል?» በሚል ለወጥነው። ከሰዓት በኋላ ያ ልጅ ወደ ገባበት ቤት ሁሉ ወንበር ይቀርብለት ጀመር።

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ከዚህ ገጠመኝ የራቀ ነገር አይደለም። የማኅበራዊ ሳይንስ ጥናት ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን የቅጽ ክምር፣ የኮምፒውተር ሠንጠረዥና የመቶኛ ስሌት ነው። እነዚህ ሁሉ አስፈላጊ ናቸው። ይሁን እንጂ የሰውን ኑሮ፣ ባህሉንና ማኅበረሰቡን የመመርመሩ ሥራ የሚሳካው ወይም የሚበላሸው ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ጥያቄው በሚቀረጽበት ሰዓት ነው ብዬ አምናለሁ። ይህን እምነቴን እዚሁ በምንኖርበት ከተማ ኑሮ ላስረዳችሁ እሞክራለሁ።

ሐዋሳ ለዚህ ትምህርት የተመቸች ናት። ከመናኸሪያ ተነሥቶ እስከ አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ በእግሩ የሚሄድ ሰው በመንገዱ ላይ ቢያንስ አራት ዓይነት ሰላምታ ይሰማል። አማርኛው «ሰላም ነው?» ይላል፤ በሲዳሙ አፎ «ኬሬ»፣ በወላይትኛ «ሳሮ»፣ በአፋን ኦሮሞ «ነጋ» የሚሉትን ቃላት ይሰማል፤ የሁሉም ፍቺ ሰላም ነው። ጠያቂው ገንዘብ አለህ ወይ አላለም፤ ደስ ብሎሃል ወይም አላለም። የጠየቀው ከቤትህ ሰው፣ ከጎረቤትህ፣ ከፈጣሪህ ጋር እንዴት ነህ ብሎ ነው። የገጠሩ ሰላምታ ደግሞ ይህንኑ ዘርዝሮ ያወጣዋል፤ «ልጆች ደኅና? ከብቱ ደኅና? አዝመራው ደኅና?» እየተባለ የአንዱ ሰው ደኅንነት በዙሪያው ባሉት ሁሉ በኩል ይጠየቃል። አንድ ሰው ብቻውን ደኅና ሊሆን ይችላል የሚለው ሐሳብ በዚህ ሰላምታ ውስጥ ቦታ የለውም። ከዚህ ጋር ሁልጊዜ የሚገርመኝን ነገር ላንሣ፤ «ድኅነት» ስንል መዳን ነው፣ «ድህነት» ስንል ማጣት ነው። የጥንቱ አጻጻፍ በፊደል ይለያቸዋል፤ ዛሬ በአፋችን ግን አንድ ድምፅ ሆነዋል፤ ብዙ ጸሐፊዎችም ሳይለዩ ይጽፏቸዋል። የኑሮን ሁለት ዳርቻዎች የሚያመለክቱ ቃላት በጆሮ አንድ ከሆኑ፣ ጥያቄ አርቃቂ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለበት ከዚህ መገመት ይቻላል።

የዓለም ጥናትም ወደዚህ ስጋት የደረሰው ዘግይቶ ነው። ለረጅም ጊዜ የአንድ ሀገር ሕዝብ ኑሮ የሚለካው በብሔራዊ ገቢ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1974 የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ሪቻርድ ኢስተርሊን በአሜሪካ ገቢ ለአሥርት ዓመታት ሲያድግ ሰዎች ደስተኛ ነን የሚሉበት መጠን አብሮ አለማደጉን አሳየ። በ1990 በማህቡብ ኡል ሐቅ አነሣሽነትና በአማርትያ ሴን አስተሳሰብ ድጋፍ ዕድሜን፣ ትምህርትንና ገቢን ያጣመረው የሰብዓዊ ልማት መለኪያ ወጣ። በ2011 ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በቡታን አቅራቢነት የሰዎች ደስታ የልማት ግብ እንዲሆን የሚጋብዝ ውሳኔ አሳለፈ። ዛሬ ሀገሮችን በደስታ ደረጃ ለማወዳደር በሰፊው የሚሠራበት ጥያቄ ግን ከዚህ ሁሉ የቆየ ነው፤ ሃድሊ ካንትሪል የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር በ1965 ያሳተመው የመሰላል ጥያቄ ነው። ከታች 0፣ ከላይ 10 ያለበትን መሰላል አስብ፤ ጫፉ ሊኖርህ የሚችለው ምርጥ ሕይወት ነው፣ ግርጌው የመጨረሻው መጥፎ ሕይወት ነው፤ አሁን የቆምከው የትኛው ደረጃ ላይ ነው? ጥያቄው ይኸው ነው።

መሰላሉን እኔም በሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ፤ ጥቅሙንም አልክድም። ነገር ግን ወረቀቱ ላይ የሚመዘገበው ቁጥርና ቁጥሩ ከመነገሩ በፊት የሚነገረው ነገር ምን ያህል እንደሚራራቁ ያየሁት በዚሁ ጥያቄ ነው። በሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ የምትኖር አንዲት እናት የመሰላሉን ሥዕል ለረጅም ጊዜ ተመለከተችና «እኔ ሁለተኛው ላይ ነኝ፤ ልጄ ግን ኮሌጅ ገብታለች፣ እርሷ ስድስተኛው ላይ ናት፤ እንግዲህ የትኛውን ትጽፊያለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ሌሎች ብዙዎች ደግሞ ወደ መካከሉ ሲያመለክቱ አይቻለሁ። ምክንያቱን ስንጠይቃቸው፣ ላይኛውን ደረጃ መናገር ራስን ለሰው ዓይን ማጋለጥ፣ ታችኛውን መናገር ደግሞ ፈጣሪን ማማረር እንደሚሆንባቸው ነገሩን። «ተመስገን» የሚለው መልስ በቁጥር ሲተረጎም አምስት ይሆናል፤ ያ አምስት ግን ኑሮን የሚለካ ሳይሆን የጨዋነት ልክ ነው። ያቺ እናት ያነሣችው ጥያቄ ግን ከጨዋነት ያልፋል። ኑሮዋ ከልጇ ኑሮ የማይነጠል ሆኖ ሳለ፣ መሰላሉ የሚያቆመው አንድ ሰው ብቻ ነው።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያው ቁጥር ምን ያደርጋል?» የሚል ተማሪ ካለ ግን አልስማማም። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት መካከል የቀነጨሩት እ.ኤ.አ. በ2000 ዓ.ም. 58 በመቶ ነበሩ፤ በ2016 ወደ 38 በመቶ ወርደዋል። ይህ ቁጥር የተገኘው የሕፃናት ቁመት በየቤቱ ተለክቶ ነው። ከብዙ ሺህ ቤት የመጣ ልኬት ባይኖር ኖሮ፣ ለውጡ መኖሩን ማናችንም በርግጠኝነት ልንናገር አንችልም ነበር፤ ከሦስት ሕፃናት ከአንድ በላይ ዛሬም እንደቀነጨረ ለመቆጨትም ማስረጃ ባልኖረን ነበር። ያንኑ ሰው ደጋግሞ የሚጠይቅ ጥናት ደግሞ ሌላ ትልቅ ዋጋ አለው። በእንግሊዝ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው ያንግ ላይቭስ የተባለ ጥናት እ.ኤ.አ. ከ2002 ጀምሮ በኢትዮጵያ፣ በሕንድ፣ በፔሩና በቬትናም ወደ 12,000 ልጆችን ተከታትሏል፤ ከነዚህ 3,000ዎቹ ኢትዮጵያውያን ናቸው። በመጀመሪያው ዙር በእናታቸው ጀርባ ታዝለው የተመዘገቡት ሕፃናት ዛሬ ሠራተኞችና ወላጆች ሆነዋል። በስድስት ዓመቱ የራበው ልጅ በሃያ ዓመቱ የት እንደደረሰ ለማወቅ አብሮት ከማደግ ሌላ መንገድ የለም፤ እንዲህ ዓይነቱን ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ከልቤ አከብራለሁ።

አሁን ወደ ንግግሬ ርእስ ልምጣ። በሀገራችንም ሆነ በሌሎች ብዙ ሀገሮች የቤተሰብ ጥናቶች «ቤተሰብ» የሚሉትን በአንድ ጣራ ሥር የሚኖሩና ከአንድ ድስት የሚበሉ ሰዎች ብለው ይተረጉሙታል። ትርጓሜው ለገጠር ቤት ቀና ነው፤ አባወራ ወይም እማወራ አለ፣ ምድጃ አለ፣ ልጆች አሉ። ወደ ሐዋሳ የኪራይ ቤቶች ሲመጣ ግን እንዲህ ቀላል አይደለም። በሐምሌ 2008 ዓ.ም. የተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሙሉ በሙሉ ሲሠራ እስከ 60,000 ሠራተኛ እንዲይዝ የታሰበ ነው፤ ከሠራተኞቹም አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች ናቸው። እኛ የገባንበት አንድ ክፍል ውስጥ አራት ልጃገረዶች ነበሩ። ሁለቱ የጠዋት ሺፍት፣ ሁለቱ የከሰዓት ሺፍት ይሠራሉ፤ ሁለት ፍራሽ በፈረቃ ይተኙበታል። ድስቱ አንድ ነው፣ የሚያበስሉት በተራ ነው፣ ሽንኩርትና ዘይቱን የሚገዙት በመዋጮ ነው። ደመወዝ ሲወጣ ግን እያንዳንዷ ወደ የራሷ ወላጆች ትልካለች፤ አንዷ የታናሽ ወንድሟን የትምህርት ወጪ ትችላለች፣ ሌላዋ የእናቷን የመድኃኒት።

መረጃ ሰብሳቢዋ «የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?» ብላ ጠየቀች። አራቱም ተያዩ። ከመካከላቸው ታናሿ ጥቂት አስባ «አከራያችን መሰሉኝ» አለች። መረጃ ሰብሳቢዋም ከብዙ ማመንታት በኋላ አራት የተለያዩ፣ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ሰው ያለባቸው ቤተሰቦች ብላ መዘገበቻቸው። በማግስቱ ሌላዋ መረጃ ሰብሳቢ ተመሳሳይ ኑሮ ያላቸውን ሌሎች አራት ልጃገረዶች አገኘችና ከአንድ ድስት ስለሚበሉ አንድ ቤተሰብ ብላ ጻፈች። ቅጾቹ አንድ ላይ ሲደመሩ፣ በአንድ ከተማ ያለው አንድ ዓይነት ኑሮ በሁለት የተለያዩ ገጽታዎች ታየ፤ የነፍስ ወከፍ ወጪያቸው ተለያየ፣ የ«ብቸኛ ኗሪ» ቁጥር ያለ አግባብ ናረ። ከዚህ የከፋው ግን በቅጹ ላይ ጨርሶ ያልታየው ነው፤ መድኃኒቷ ከዚያ ክፍል የሚገዛላት እናት በሩቅ ቀበሌ ሌላ ቤተሰብ ሆና ቀርታለች። አምስቱ ሰዎች አብረው የሚኖሩት ኑሮ እንደ ኑሮ አልተመዘገበም።

በፋብሪካ ሥራና በሰው ደኅና መሆን መካከል ስላለው ግንኙነት በሀገራችን የተደረገ አንድ ጥናት ላንሣ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን የተባሉ ተመራማሪዎች በኢትዮጵያ በአምስት ድርጅቶች ለሥራ ያመለከቱ 947 ሰዎችን በዕጣ በሦስት መደቡ፤ አንዱ ክፍል የፋብሪካውን ሥራ አገኘ፣ ሁለተኛው ወደ 300 ዶላር የሚሆን ገንዘብና አጭር የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፣ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። የፋብሪካውን ሥራ ካገኙት ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ ዓመት ሳይሞላቸው ለቀቁ፤ በፋብሪካው በመሥራታቸው ገቢያቸው ያን ያህል አልጨመረም፣ የጤና እክል ግን ጨመረባቸው። ገንዘብ ያገኙት ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በሲሶ ያህል አደገ። አጥኚዎቹ ከአምስት ዓመት በኋላ ተመልሰው ሲመለከቱ ደግሞ በሦስቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፍቶ አገኙት። ይህን ውጤት «ፋብሪካ መጥፎ ነው» ብሎ የሚያነብ ሰው ይሳሳታል፤ «ልጆቹ ሥራ አይወዱም» ብሎ የሚያነብ ደግሞ የባሰ ይሳሳታል። እኔ የማነብበው እንዲህ ነው፤ ለነዚህ ወጣቶች ሥራ ከብዙ የኑሮ መላዎች አንዱ ነበር፤ ሲጠቅማቸው ገቡበት፣ ሌላ ሲገኝ ወጡ። ለምን ወጣሽ፣ የትስ ሄድሽ፣ ማን ተቀበለሽ ብሎ ማዳመጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ጥናት ይፈልጋል።

እንዲህ ዓይነቱ ማዳመጥ እንዴት እንደሚሠራ ሲጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ የምጠቅሰው ከእኛ በጊዜም በቦታም የራቀ አንድ መንደር ነው። ማሪየንታል ይባላል፤ በኦስትሪያ፣ ከቪየና ብዙም አይርቅም። የመንደሩ ሕይወት የቆመው በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ላይ ነበር፤ ፋብሪካው ከ1929 እስከ 1930 ባለው ጊዜ ተዘጋ፤ 478 ቤተሰብ፣ 1,486 ሰው የሚኖርበት መንደር ማለት ይቻላል ሙሉ በሙሉ ሥራ ፈታ። ማሪ ያሆዳ፣ ፖል ላዛርስፌልድና ሃንስ ዛይዝል ከባልደረቦቻቸው ጋር ወደዚያ የሄዱት በ1931 መጨረሻ ነበር። ምን ያህል ደስተኛ ናችሁ ብለው ብቻ አልጠየቁም። በዋናው መንገድ ላይ ባለ መስኮት ተቀምጠው፣ የሚያልፈው ሰው ምን ያህል በፍጥነት እንደሚራመድና ስንት ጊዜ እንደሚቆም በሰዓት ለኩ፤ ወንዶቹ እየጎተቱና እየቆሙ ሲሄዱ፣ የቤት ሥራ የሚጠብቃቸው ሴቶች ግን ቶሎ ቶሎ ሲራመዱ ታዩ። የመንደሩን ቤተ መጻሕፍት መዝገብ አገላበጡ፤ ጊዜ የተረፈው ሰው ይበልጥ ያነባል ተብሎ ሲጠበቅ፣ የውሰት ክፍያ ተነሥቶ እንኳ የሚዋሰው መጽሐፍ ቁጥር በግማሽ ያህል ቀንሶ አገኙት። ልጆች ለትምህርት ቤት የያዙትን ምሳ ድጎማ ከመከፈሉ በፊትና በኋላ እያነጻጸሩ መዘገቡ። ከዚህ ሁሉ የወጣው ግኝት ሥራ ማጣት ሰውን ገንዘብ ብቻ እንደማያሳጣው ነበር፤ የቀኑን ቅርጽ፣ ከሰው ጋር የሚገናኝበትን ምክንያት፣ ነገን የማሰብ አቅሙን ጭምር ያሳጣዋል።

ይህን ሳነብ በአእምሮዬ የሚመጣው የእኛው ከተማ ነው። ከጥር 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ገበያ ከቀረጥ ነፃ ከመግባት ዕድል፣ ስትታገድ ከፓርኩ የለቀቁ ድርጅቶች ነበሩ። በዚያን ጊዜ ስንት ሥራ ጠፋ የሚለው ጥያቄ ተደጋግሞ ተነሥቷል። በዚያች ክፍል ውስጥ ያሉት ሁለት ፍራሾች ምን እንደሆኑ፣ የታናሽ ወንድሟን ደብተር የምትገዛው ልጅ ለወላጆቿ ደውላ ምን እንዳለች፣ የሰርቪስ ድምፅ በጠዋት ካልተሰማ በኋላ ቀኑ በምን እንደሚጀመር ግን የጠየቀ ብዙ አልነበረም። ጥያቄዎቹ ለጥናት የማይበቁ ትናንሽ ነገሮች የሚመስሉት ሰው ካለ፣ የማሪየንታል ልጆች የምሳ ዕቃ ይበቃው እንደሆነ እጠይቀዋለሁ።

ስለ ጭንቀትና ሐዘን ስንጠይቅ የቋንቋው ነገር ይበልጥ ይከብዳል። በአማርኛ ሐዘን ሆድ ውስጥ ይኖራል፤ «ሆዴ ባሰኝ»፣ «ሆዴ ባባ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» እንላለን። ሐሳብ ይበዛብናል፣ ልባችን ይደክማል፣ ራሳችንን ያመናል። በጤና ጣቢያ ያላችሁ እኅቶቼ ይህን ከእኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ፤ «ራሴን ይከፍለኛል» ብላ የመጣች ሴት ራስ ምታቷ ከምን እንደመጣ የሚገባችሁ ስለ ቤቷ ስትጠይቋት ነው። በቀጥታ «ድብርት አለብሽ?» ብትባል የለም ትላለች፤ መልሷም ሐሰት አይደለም። በዚህ ረገድ ከእኛ ብዙም በማትርቀው ቡታጅራ የተሠራው ሥራ የሀገራችን ኩራት ነው። ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኢትዮጵያውያን የአእምሮ ሕክምና ባለሙያዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 68,378 ሰዎችን ቤት ለቤት እየዞሩ መረመሩ። በመጠይቁ ብቻ አልተመኩም፤ በየቀበሌው ነዋሪውን በቅርብ የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቁ። ጎረቤት ያውቃልና። ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን ለዓመታት ከተከታተሉ በኋላም፣ እነዚህ ሰዎች ከሌላው ሕዝብ ወደ ሦስት አሥርት ዓመታት ቀድመው እንደሚሞቱ አሳዩ። ይህን ግኝት ያለ ሐዘን ማንበብ አልችልም። እነዚህን ሰዎች በየደጃፉ፣ በየጸበሉ፣ በየመንገዱ ዳር ሁላችንም እናያቸው ነበር፤ ምን ያህል ቀድመው እንደሚሞቱብን ግን የነገረን ይህ ጥናት ነው።

ባህል የሚለውን ቃልም በዚሁ ዓይን እንድናየው እፈልጋለሁ፤ ባህል በበዓል ቀን የሚለበስ ልብስ ብቻ ሆኖ እየቀረብን ነውና። እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የሲዳማን የዘመን መለወጫ በዓል፣ ፊቼ ጫምባላላን ውሰዱ። ትውፊቱ እንደሚለው በዓሉ የሚዘክረው ካገባች በኋላ በዓመት አንድ ጊዜ ወላጆቿንና ዘመዶቿን ልትጠይቅ የምትመጣን አንዲት የሲዳማ ሴት ነው፤ ከእንሰት፣ ከወተትና ከቅቤ የተሠራ ቡርሳሜ ይዛ ትመጣለች፣ ጎረቤትም አብሮ ይቀምሳል። ቀኑን አያንቶዎች ከዋክብትን አይተው ይወስናሉ፤ ልጆች ከቤት ወደ ቤት እየዞሩ «ሰላም ደረሳችሁ» ይላሉ፤ ሽማግሌዎች ሰው እንዲሠራ፣ አዛውንትን እንዲያከብር፣ ሀገር በቀል ዛፍ እንዳይቆርጥ፣ በሐሰት እንዳይመሰክር ይመክራሉ። ይህን ዝርዝር እንደ ተመራማሪ ሳነብ ማኅበረሰቡ ስለ መልካም ኑሮ ያለው መለኪያ ሆኖ ይታየኛል፤ ልጅ ወደ ቤቷ መመለሷ፣ ከጎረቤት ጋር አንድ ገበታ መቅረቡ፣ ዛፍ መቆሙ፣ ቃል መታመኑ። የሲዳማ ሽማግሌዎች ክርክር ሲያዳምጡ የሚጠቀሙበት «አፊኒ» የተባለው ልማድም አስቀድሞ መደማመጥን ያዝዛል፤ ነገሩን ሁሉም ሳይሰማው ወደ ፍርድ አይኬድም። ከማንኛውም የጥናት ዘዴ መጽሐፍ ባልተናነሰ ይህን ልማድ ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በዓሉ በሚከበርበት በጉዱማሌ ሜዳ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ፎቶ ማንሣት መልካም ነው፤ ሰዎቹ ለዚያ ቀን ሲሉ ከማን ጋር እንደታረቁ መጠየቅ ግን ይበልጥ ያስተምራል።

ይህን ስል ግን ባህል ሁሉ ደግ ነው ማለቴ እንዳልሆነ በግልጽ መናገር አለብኝ። ጎረቤት ያውቃል ብያለሁ፤ ጎረቤት ያፍናልም። ባሏ የሚመታት ሴት በሰው ፊት «ሰላም ነው» የምትለው ሰላም ስለሆነ አይደለም። መረጃ ሰብሳቢዎቻችን ሴትን ብቻዋን፣ በር ገርበብ አድርገው፣ አማት በሌለችበት እንዲያነጋግሩ የምናስገድደው ለዚህ ነው። የሽማግሌው ሸንጎ የማይሰማው ድምፅ አለ፤ ጥናት ካልሰማው ማን ይሰማዋል?

የመጨረሻው ነገር ውጤትን መመለስ ነው። በየቤቱ ስንዞር ደጋግመን የሚቀርብብን ወቀሳ «ጠይቃችሁ ትሄዳላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ ወሬያችሁ አይሰማም» የሚል ነው። ወቀሳው እውነት ነው። የማሪየንታል አጥኚዎች ከዘጠና ዓመት በፊት፣ ማንም ተመራማሪ በመንደሩ ተመልካች ብቻ ሆኖ እንዳይገኝ ደንብ አውጥተው ነበር፤ ልብስ አሰባስበው አደሉ፣ ሐኪም አመጡ፣ የልብስ ቅድ ትምህርት ሰጡ፣ በዚያም መካከል አጠኑ። እኛ ያን ያህል ባንችል፣ ቢያንስ ያገኘነውን ለተናገረው ሰው መልሰን ማንበብ ይገባናል። ስለ ኪራይ ቤቶቹ ጥናታችን ሲጠናቀቅም በአንድ ሰፈር የዕድር ስብሰባ ላይ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ድንኳን ሥር ቆመን ውጤቱን በአማርኛና በሲዳሙ አፎ አነበብን። ቤተሰብ፣ ገቢ፣ ወጪ፣ የመሰላሉ አማካይ፤ ሁሉንም በተራ አቀረብን።

ሰዎቹ በትዕግሥት ሰሙን። ሲያበቃ የዕድሩን ዕቃ የሚጠብቁ አንዲት እናት ተነሡና «እነዚያ ፋብሪካ የሚሠሩ ልጆች ዕድር የላቸውም፤ አንዷ ብትሞት ማን ያነሣታል ብላችሁ ጠየቃችሁ?» አሉን። አልጠየቅንም ነበር። በአንድ መቶ አርባ ጥያቄ ውስጥ አልነበረም። እኔም ደብተሬን አውጥቼ ጥያቄውን እንዳሉት መጻፍ ስጀምር እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ፤ «ኧረ ልጄ፣ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ሞት አይጠየቅም! ‹ብትታመሚ ማን ይደርስልሻል?› በሏት፤ እርሷ ይገባታል።»

ዛሬ በምንሞላው ቅጽ ላይ ያ ጥያቄ፣ እርሳቸው በነገሩን ቃል፣ በመጀመሪያው ገጽ አለ። የተቀመጠው ቀድሞ «የቤተሰቡ ኃላፊ ማን ነው?» ይል በነበረበት መስመር ላይ ነው፤ ለመልሱም አንድ ስም ብቻ ሳይሆን ሦስት ስም የሚጻፍበት ቦታ ትተናል። የመጀመሪያዎቹን አርባ ቅጾች ባለፈው ሳምንት ተቀብያለሁ። በአብዛኞቹ ላይ በመጀመሪያው ረድፍ የተጻፈው እዚያው ክፍል ውስጥ ከአንድ ድስት የምትበላ ልጅ ስም ነው፤ በሁለተኛው ደግሞ እናት።